ውሃና ኮምፒዩተር

ውሃና ኤሌክትሪክ አብረው መኖር አይችሉም የሚለውን ምክር ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ምክሩም እውነት ነው። እርጥብ እጅ ማብሪያ ማጥፊያ እንዳይነካ፣ ዝናብ የመታው ሽቦ እንዳይጨበጥ ወላጆቻችንም መምህራኖቻችንም ሳይሰለቹ ያስጠነቅቁናል። ነገር ግን በዓለም ላይ ካሉት ኮምፒዩተሮች መካከል እጅግ ኃይለኞቹ የሚሠሩት በውስጣቸው ውሃ እየተዘዋወረ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ውሃ ኮምፒዩተርን እንዴት አድርጎ እንደሚያቀዘቅዝ፣ እንደዚሁም የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ በዚህ ዓመት አንድ ኮምፒዩተር በውሃ እንዲቀዘቅዝ ለማድረግ ሲነሣ ምን ምን እክል እንደ ገጠመንና እንዴት እንደ ተወጣነው ለአንባብያን ለመግለጽ እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ኮምፒዩተር የሚሞቅበትን ምክንያት መረዳት ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰር በሚባለው ክፍሉ ነው። በፕሮሰሰር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ትራንዚስተሮች በየሴኮንዱ በቢሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ ይከፈታሉ፤ ይዘጋሉም። ለዚህ ሥራ የሚገባው ኤሌክትሪክ በሙሉ ለማለት ይቻላል በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የእኛ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2011 ለገበያ ከወጡት የኢንቴል ዓይነቶች አንዱ ሲሆን፣ እስከ 95 ዋት የሚደርስ ሙቀት ያወጣል። ይህም ቀድሞ በየቤቱ ይበራ ከነበረው የ100 ዋት አምፖል ጋር የሚቀራረብ ነው። አምፖሉ ግን ሙቀቱን የሚበትንበት ሰፊ ብርጭቆ አለው፤ የፕሮሰሰሩ እምብርት ግን ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። በዚያች ጠባብ ቦታ የተከማቸው ሙቀት ቶሎ ካልተወሰደ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ሲል ሥራውን ያዘገያል፤ ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ኮምፒዩተሩ በድንገት ይጠፋል።

ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች የሚቀዘቅዙት በነፋስ ነው። በፕሮሰሰሩ ላይ ክንፍ ክንፍ ያለው ብረት ይቀመጥና አንድ ትንሽ ማራገቢያ አየር ይነፋበታል። ይህ ዘዴ በአሶሳ ሁለት ችግር ያገኘዋል። አንደኛው፣ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ አየራችን ስስ ነው። ማራገቢያው በእኩል ፍጥነት ቢዞርም እንኳ እንደ ጅቡቲ ባለ የባሕር ዳር ከተማ ከሚያነሣው አየር ይልቅ በክብደት ከመቶ 15 ያህል የሚያንስ አየር ነው የሚያነሣው፤ ሙቀትን የሚሸከመው ደግሞ የአየሩ ክብደት ነው። ሁለተኛው፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት በቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ክፍል ራሱ እንደ ምድጃ ይግላል። በሞቀ አየር ሌላ የሞቀ ነገር ማቀዝቀዝ ደግሞ አስቸጋሪ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ተራ ጉዳይ አልነበረም። በኮምፒዩተር ክፍላችን ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች የሚማሩበትን መጽሐፍና መልመጃ የሚያገኙት ከአንዲት ኮምፒዩተር ነው፤ እኛም «እናቲቱ» እያልን እንጠራታለን። እናቲቱ ስትጠፋ ሌሎቹ ሁሉ ባዶ መስተዋት ይሆናሉ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተፈታኞች በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ መልመድ ለተማሪ እጅግ አስፈላጊ ሆኗል። በቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ተማሪ በመካከላችን ጥቂት ነው። እናቲቱ ግን በመጋቢት ወር ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ በየግማሽ ሰዓቱ ትጠፋ ነበር። አቧራዋን ጠረግን፤ በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል የሚቀባውን ቅባት አደስን፤ ትልቅ ማራገቢያም ገጠምን። ጥቂት ረዳ እንጂ አላዳናትም። የፊዚክስ መምህራችን ግን፣ «ልጆች፣ ሙቀት አይጠፋም፤ ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራል እንጂ። እናንተ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ታነሡትና እዚያው ክፍል ውስጥ ትደፉታላችሁ» አሉን። የሥራችን ሐሳብ የተወለደው ከዚህ ንግግር ነው።

ውሃ የተመረጠበት ምክንያት ይህ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ ወደ 4,186 ጁል ያስፈልገዋል፤ አንድ ኪሎ ግራም አየር ግን 1,005 ጁል ያህል ይበቃዋል። ከዚህም በላይ አየር በጣም ቀላል ስለ ሆነ በመጠን ብናነጻጽራቸው ልዩነቱ እጅግ ይሰፋል። በአሶሳ ሞቃት ቀን አንድ ሊትር ውሃ የሚሸከመውን ሙቀት ለመሸከም ከ4,000 ሊትር በላይ አየር ያስፈልጋል። ስለዚህ ጣት በምታህል ቱቦ የሚያልፍ ውሃ የትልቅ ማራገቢያን ሥራ ይሠራል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ውሃ ሙቀቱን በቱቦ ይዞ እኛ ወደ ፈለግነው ቦታ መውሰድ መቻሉ ነው። እኛም ሙቀቱን ከክፍሉ አውጥተን በመስኮቱ በኩል ወዳለው በረንዳ ጥላ ለመውሰድ ወሰንን።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ነገሮች አምስት ናቸው። እነርሱም በፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀት የሚቀበል መዳብ፣ ውሃውን የሚገፋ ፓምፕ፣ ሙቀቱን ወደ አየር የሚበትን ራዲያተር፣ የውሃ ማጠራቀሚያና ቱቦ ናቸው። ይህን ዕቃ ተገጣጥሞ የሚሸጥ አለ፤ ዋጋው ግን ከአቅማችን በላይ ነበር። በሌላው ዓለም ይህን ሥራ በቤታቸው የጀመሩት ሰዎችም ከ20 ዓመት በፊት የአሮጌ መኪና ማሞቂያ ራዲያተርና የዓሣ ማኖሪያ ፓምፕ ይጠቀሙ እንደ ነበር አንብበናልና እኛም በዚያው መንገድ ሄድን።

የመጀመሪያው እክል የመጣው ከራዲያተሩ ነው። አንድ የመኪና ጠጋኝ በነፃ የሰጠን ራዲያተር ቆንጆና ያልዛገ ነበር፤ ነገር ግን ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ሆኖ ተገኘ፤ አሉሚኒየም ነው። የእኛ ሙቀት ተቀባይ ደግሞ መዳብ ነው። በኬሚስትሪ ትምህርት እንደ ተማርነው ሁለት የተለያዩ ብረቶች በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሆናሉ። የአሉሚኒየም መደበኛ የኤሌክትሮድ ቮልት ከዜሮ በታች 1.66፣ የመዳብ ደግሞ ከዜሮ በላይ 0.34 ሲሆን ልዩነታቸው 2 ቮልት ነው። በዚህ ጊዜ አሉሚኒየሙ ኤሌክትሮኑን እየሰጠ ቀስ በቀስ ይበላና በመጨረሻ ይበሳል። ስለዚህ በነፃ የተገኘውን ዕቃ አመስግነን መለስነው። ሦስት ሳምንት ከጠበቅን በኋላ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ የመዳብና የነሐስ ራዲያተር አገኘን። እርሱንም በአቼቶና በውሃ ደጋግመን አጠብነው። ቀዳዳ እንዳለው ለማወቅ አንዱን አፉን ደፍነን፣ በሌላው በብስክሌት መንፊያ አየር እየሞላን በባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርነው። ከአንድ ጥግ አረፋ ወጣ፤ ብየዳ ቤት ወስደን አስደፈንነው።

ሁለተኛው እክል መዳቡን በመሥራት ላይ የተነሣ ነው። ከወዳደቀ የኤሌክትሪክ ዕቃ የተገኘ ወፍራም የመዳብ ቁራጭ ነበረን። በውስጡ ውሃ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን መንገዶች መብሳት ነበረብን። መዳብ ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ ቀላል ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ለስላሳነቱ መብሻውን እየተጣበቀ ይይዘዋል። ሁለት መብሻ ከተሰበረ በኋላ በሙያ ማሠልጠኛ የሚሠሩ አንድ ባለሙያ መንገዱን አሳዩን፤ ይኸውም ዝግ ባለ ፍጥነት፣ በዘይት እያራሱ፣ ጥቂት ከበሱ በኋላ እየመለሱ ፍቅፋቂውን ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ የመዳቡን ሥር በብርጭቆ ወረቀት መስተዋት ላይ አስቀምጠን ፍጹም ዝርግ እስኪሆን ድረስ ፈተግነው። በመዳቡና በፕሮሰሰሩ መካከል አየር ከቀረ ሙቀቱ አይተላለፍም።

ፓምፑን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣነው። በ12 ቮልት የሚሠራ ስለ ሆነ ኤሌክትሪኩን ከኮምፒዩተሩ ከራሱ ይወስዳል። ይህም ጥቅም አለው፤ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም አብረው ይቆማሉ፤ ሲመጣም አብረው ይነሣሉ። ለራዲያተሩና ለማጠራቀሚያው መቆሚያ የሠራነው በአገራችን በብዛት ከሚበቅለው የቆላ ቀርከሃ ነው። ቀርከሃው ቀላልና ጠንካራ ከመሆኑም በላይ ምንም አላስወጣንም።

ውሃውን በተመለከተ የጉድጓድም ሆነ የቧንቧ ውሃ አልተጠቀምንም። በእነርሱ ውስጥ የሟሟው ማዕድን በጀበና ሥር እንደሚታየው ነጭ ቅርፊት ሆኖ ቀጫጭኖቹን መንገዶች ይደፍናል። የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ የሚገኘውን የተጣራ የባትሪ ውሃ ገዛን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በዚያው መደርደሪያ የባትሪ አሲድም ይሸጣልና በእቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው እክል መፍሰስ ነው። ይህን ያገኘነው ኮምፒዩተሩ ሳይበራ ነው፤ ምክንያቱም ፓምፑን ብቻ ከሌላ ኤሌክትሪክ ጋር አያይዘን፣ ከየመገጣጠሚያው ሥር ነጭ ወረቀት አንጥፈን ለ24 ሰዓት እንዲዞር አድርገናል። በነጭ ወረቀት ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ ትታያለች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ አባት በመስኮት አይተው፣ «ልጆቹ ወረቀቱ ረጥቧል ብላችሁ ንገሯቸው» ብለው ለጠዋቱ ተረኛ ነገሩልን። በሙቀት ተቀባዩ መውጫ ላይ ቱቦው ሲሞቅ ስለሚለሰልስ ማጥበቂያው ይላላ ነበር። መገጣጠሚያውን በሁለት ማጥበቂያ አሰርነው፤ ፈተናውንም ከመጀመሪያው ጀምረን ሌላ 24 ሰዓት አደረግነው። በዚህ ጊዜ ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት ግን ኤሌክትሪክ አላስገባንም። የተጣራ ውሃ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ብሎ የሚመካ አለ፤ ንጹሕ ሳለ እጅግ ጥቂት ብቻ ማስተላለፉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብረቱንና አቧራውን ከነካ በኋላ ንጽሕናው ስለሚጎድል በዚህ መታመን አይገባም።

አራተኛው እክል በቱቦው ውስጥ የቀረ አየር ነው። ፓምፑ ይጮሃል፤ ውሃው ግን አይሄድም። አየር ወደ ላይ የሚወጣ ነውና ማጠራቀሚያውን ከሁሉ በላይ ሰቀልነው፤ ራዲያተሩንም ወዲያና ወዲህ እያጋደልን አረፋው እስኪያልቅ ድረስ ጠበቅን። ከዚያ በኋላ የውሃውን መጠን ለካን። አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ በ20 ሴኮንድ ሞላ፤ ይህም በደቂቃ 3 ሊትር ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ሒሳቡን ተመልከት። በሴኮንድ 0.05 ኪሎ ግራም ውሃ 95 ዋት ሲሸከም የሚሞቀው ከግማሽ ዲግሪ ባነሰ ነው። ስለዚህ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚገባውና የሚወጣው ውሃ በእጅ ቢዳሰስ ልዩነቱ አይታወቅም። ብዙ ጓደኞቻችን ይህን አይተው «አልሠራም» አሉ፤ መሥራቱን የሚነግረን ግን የውሃው መሞቅ ሳይሆን የፕሮሰሰሩ መቀዝቀዝ ነው።

አምስተኛው እክል ሁሉን ሊያበላሽ የነበረው ነው። በሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት እናቲቱ ተነሥታ ጥቂት ሳትቆይ ጠፋች። ከራዲያተሩ ውስጥ በሙቅ ውሃ የተነቀለ የዝገት ቅንጣት ፓምፑ ውስጥ ገብቶ ምላሹን ይዞታል። ማራገቢያው ቢቆም ኖሮ ጊዜ ነበረን፤ በጠቅላላው ያለው 3 ሊትር ውሃ በ95 ዋት የሚሞቀው በደቂቃ ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ፓምፑ ሲቆም ግን በመዳቡ ውስጥ ያለችው ጥቂት ውሃ ብቻዋን ትቀራለችና ሙቀቱ ወዲያው ይወጣል። ኮምፒዩተሩ በራሱ ጥበቃ ስለ ጠፋ ፕሮሰሰሩ አልተጎዳም። ፓምፑን ፈትተን አጸዳን፤ ከማጠራቀሚያው መውጫ ላይም የሻይ ማጥለያ ወንፊት ቆርጠን አሰርን። ከዚህም ሌላ ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ ኮምፒዩተሩ እንዲጮህ አደረግን። ወንፊቱ እስከ ዛሬ ድረስ በየሳምንቱ እየታየ ይታጠባል።

ስድስተኛው እክል በበረንዳው በኩል ያለው ቱቦ ውስጡ አረንጓዴ መሆኑ ነው። በገበያ የተገኘው ቱቦ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለ ሆነ አልጌ የሚባለው ረቂቅ ተክል በቅሎበት ነው። አልጌ ያለ ብርሃን አያድግም። ውሃውን ለውጠን ቱቦውን በጥቁር ፕላስቲክ ስንጠቀልለው ችግሩ ተወገደ።

በዚህ መካከል አንድ ጓደኛችን በማጠራቀሚያው ውስጥ በረዶ እንጨምር ሲል ጠየቀ። ሐሳቡ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ቀዝቃዛ ለስላሳ መጠጥ የያዘ ጠርሙስ በውጭ በኩል እንደሚያልበው ሁሉ ከአየሩ በጣም የቀዘቀዘ ቱቦም ጤዛ ያወጣል፤ ጤዛውም በኤሌክትሪኩ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚህ ይልቅ ከእንስራ ተማርን። በእንስራ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው ጥቂቱ በሸክላው ውስጥ ዘልቆ በውጭ በኩል ስለሚተን ነው። በትነት ብቻ የሚገኝ ቅዝቃዜ ደግሞ አየሩ ጤዛ ከሚሆንበት ዲግሪ በታች ሊወርድ አይችልም፤ ስለዚህ አደጋ የለውም። በደረቁ የመጋቢት ቀኖች ከራዲያተሩ ፊት ትንሽ ራቅ አድርገን የረጠበ ጆንያ ሰቀልን፤ ነፋሱም ቀዝቅዞ ገባ። በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን ይህ ዘዴ ብዙም አይጠቅምም፤ ደግነቱ ያን ጊዜ ሙቀቱም ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ለትንሽ ኮምፒዩተር ብቻ የሚሆን ትምህርት አይደለም። በክልላችን በመተከል ዞን፣ በጉባ የሚገኘው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በ13 ጄኔሬተሮች 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። አንድ ጄኔሬተር 400 ሜጋ ዋት ሲያመነጭ ከመቶ አንዱ እንኳ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 4 ሜጋ ዋት ይሆናል፤ ይህም ከ40,000 በላይ የእኛን ፕሮሰሰር የመሰሉ ፕሮሰሰሮች የሚያወጡት ሙቀት ነው። እንዲህ ባሉ ትልልቅ ጄኔሬተሮች ውስጥ እንደ ልማድ አየሩ በጄኔሬተሩ ዙሪያ ይዞርና ውሃ በሚያልፍባቸው ቱቦዎች ላይ ሙቀቱን ያራግፋል። እንግዲህ በአንድ ክልል ውስጥ፣ በታላቁም በታናሹም መሣሪያ፣ ሕጉ አንድ ነው።

በኮምፒዩተር ታሪክም ውሃ አዲስ እንግዳ አይደለም። የአሜሪካው አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1980 ያስተዋወቀው 3081 የተባለው ትልቅ ኮምፒዩተር በውሃ ይቀዘቅዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ክሬይ 2 ደግሞ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም አንደኛ የተባለው ፍሮንቲየርም የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው። አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን የሚሠሩት ኮምፒዩተሮች በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ከ100 ኪሎ ዋት በላይ ሙቀት የሚያወጡ ስለ ሆኑ በነፋስ ብቻ ማቀዝቀዝ አልተቻለም።

የእናቲቱ ነገር እንዲህ ሆነ። ቀድሞ በቀትር ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋ የነበረው ፕሮሰሰር አሁን በሙሉ ሥራ ላይ ሳለ ከ60 ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል። ፓምፑ ከጸዳበት ቀን ጀምሮ በሙቀት ምክንያት ጠፍታ አታውቅም። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችም ከሰዓት በኋላ ያለውን የመልመጃ ጊዜያቸውን መልሰው አግኝተዋል።

ከዚህ ሥራ ለታናናሾቻችን የምናስተላልፈው ምክር አለ። ሥራ ሲሰናከል መሣሪያውን በጠቅላላው አትውቀሱ፤ ሙቀቱ የት ደርሶ እንደ ቆመ ፈልጉ። ከፕሮሰሰሩ ወደ መዳቡ፣ ከመዳቡ ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደ ራዲያተሩ፣ ከራዲያተሩ ወደ አየሩ ተከታትላችሁ ብትሄዱ እክሉ ያለበት ቦታ ይገኛል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የለወጣችሁትንም ጻፉ። ውሃውን ፈትኑ፤ ኤሌክትሪኩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን። እናቲቱ ግን ትቀራለች። ውሃዋ በዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ፣ ወንፊቷ በየሳምንቱ መታጠብ፣ የራዲያተሯ አቧራም ከበጋው በፊት መጠረግ አለበት። የሠራነው ሁሉ ከነሥዕሉና ከነልኩ በደብተር ተጽፎ በኮምፒዩተር ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ይህን አደራ የሚቀበል ፈቃደኛ ካለ ከፈተናው በፊት ወደ እኛ ይምጣ፤ ደብተሩን ብቻ ሳይሆን መፍቻውንም እናስረክበዋለን።